ከጥፋቱ ማግስት፦ የልዕለ ኃያላን ታሪክ ጨለማና የአንባቢው ምላሽ

ኮሚክ በተከታታይ ሥዕሎችና በሥዕሎቹ ውስጥ በሚጻፉ አጫጭር ንግግሮች ታሪክ የሚተርክ የኅትመት ዓይነት ሲሆን፣ ዛሬ በፊልም ቤትና በስልክ መስኮት ላይ የሚታዩት ልዕለ ኃያላን ጀግኖች አብዛኞቹ የተወለዱት በዚሁ ኅትመት ገጾች ላይ ነው። ልዕለ ኃያል የሚባለው ከተራ ሰው የላቀ ጉልበት ወይም ችሎታ ያለው፣ ብዙ ጊዜም ማንነቱን በጭምብልና በልዩ ልብስ ሸሽጎ ለደካሞች የሚቆም ገጸ ባሕርይ ነው፤ ባላንጣው ደግሞ ያንኑ የመሰለ ኃይል ወይም ብልሃት ለጥፋት የሚያውል ተቃራኒው ነው። ሱፐርማን በ1938፣ ባትማን በ1939፣ የባትማን ባላንጣ የሆነው ጆከር በ1940 ለመጀመሪያ ጊዜ ታትመው ወጡ፤ በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ካለፉት 40 ዓመታት ወዲህ የእነዚህ ታሪኮች መልክ እየከበደ መጥቶ፣ ጀግናው ራሱ የሚጨክንበት፣ ባላንጣው ሰውን ሲያሠቃይ በዝርዝር የሚሣልበት፣ ሴቶችና ልጆች ጀግናውን ለማስቆጣት ብቻ የሚሞቱበት አተራረክ ተስፋፍቷል። ይህን አካሄድ የተቃወሙ አንባቢዎችና ደራሲዎች በየጊዜው የሰጡት ምላሽ በኒው ሀልፋ፣ በገዳሪፍና በምሥራቅ ሱዳን ድንበር ዙሪያ ለሚኖር አማርኛ አንባቢ የተለየ ትርጉም አለው፤ በዚህ አካባቢ የከተማ መጥፋት፣ ስደትና ጦርነት በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ የታዩ ነገሮች ናቸውና። የአንድ ታሪክ ጨለማ ልክ ማለፉ በደሙ ብዛት ብቻ አይለካም፤ ዋናው መለኪያ ታሪኩ ከጥፋቱ ማግስት ስለሚቀጥለው ኑሮ የሚለው ነገር ያለው መሆኑ ነው።

ጨለማው የገባበት መንገድ

የመጀመሪያዎቹ ኮሚኮች ከጭካኔ የጸዱ አልነበሩም፤ የ1940ው ጆከር ራሱ ሰዎችን በመርዝ ይገድል ነበር። በ1954 ፍሬድሪክ ወርተም የተባለ የአእምሮ ሐኪም ኮሚኮች ልጆችን ወደ ወንጀል ይመራሉ የሚል መጽሐፍ አሳትሞ፣ በዚያው ዓመት የአሜሪካ ሴኔት ንዑስ ኮሚቴ ጉዳዩን በአደባባይ ሲመረምር፣ የመንግሥት ቁጥጥር ይመጣብናል ብለው የሠጉት አሳታሚዎች ራሳቸውን በራሳቸው የሚገዙበት የኮሚክ ደንብ አወጡ። በደንቡ መሠረት በጎው ሁልጊዜ ክፉውን ማሸነፍ፣ ወንጀለኛውም መቀጣት ነበረበት፤ የደንቡን ማኅተም ያላገኘ መጽሔት ደግሞ አከፋፋይ ለማግኘት ይቸገር ነበር። ቁጥጥሩ ጭካኔን ቢገታም ታሪኮቹን ከእውነተኛው ኑሮ አራቃቸው፤ ሞት፣ ሐዘን፣ የባለሥልጣን በደልና ሱስ የመሳሰሉ ጉዳዮች ወይ ተከለከሉ ወይ በጥንቃቄ ታለፉ።

በ1971 የስፓይደርማን አዘጋጆች ስለ አደንዛዥ ዕፅ ጉዳት የሚያስተምር ታሪክ ያለ ማኅተም አሳተሙ፤ ታሪኩ በአንባቢው ዘንድ ተቀባይነት ስላገኘ ደንቡ በዚያው ዓመት ተሻሽሎ ላላ። በ1973 የስፓይደርማን ፍቅረኛ ግዌን ስቴሲ በባላንጣው እጅ ተይዛ ከድልድይ ወድቃ ስትሞት፣ ጀግናው ሁሉንም ማዳን እንደማይችል ለመጀመሪያ ጊዜ የተረዳ አንባቢ ብዙ ነበር። የዚያ ሞት ክብደት የሚደነቀው ስፓይደርማን ሐዘኑን ለረጅም ዓመታት ተሸክሞ ስለኖረና ታሪኩ ሟቿን ስላልረሳ ነው።

ትልቁ ለውጥ የመጣው በ1986 ነው። በዚያ ዓመት ፍራንክ ሚለር ያረጀና የመረረ ባትማን የሚታይበትን «የጨለማው ፈረሰኛ መመለስ» አሳተመ፤ ጸሐፊው አለን ሙርና ሠዓሊው ዴቭ ጊበንስ ደግሞ ልዕለ ኃያላንን እንደ ደካማ፣ ክፉና ግራ የተጋቡ ሰዎች የሚመረምረውን ባለ 12 ክፍል ሥራቸውን «ዎችሜን»ን ማውጣት ጀመሩ። ሁለቱም ሥራዎች ጨለማውን ለሐሳብ አገልጋይ አድርገውታል፤ ኃይል የጨበጠን ሰው ማን ይቆጣጠረዋል የሚለውን ጥያቄ በቁም ነገር የሚያነሡ ናቸው። ከእነርሱ በኋላ የመጡ ብዙ ደራሲዎች ጥያቄውን ትተው ጭካኔውን ወረሱ፤ አለን ሙር ራሱ የእርሱን ሥራ የተከተሉ ሌሎች ሰዎች መራራነቱን ብቻ መቅዳታቸውን በኋለኞቹ ዓመታት ደጋግሞ ነቅፏል።

ለዚህ መስፋፋት የገበያው ለውጥ ድርሻ ነበረው። ኮሚኮች ልጆች በሳንቲም ከሚገዙባቸው የጋዜጣ መሸጫዎች ወጥተው ወደ ልዩ የኮሚክ መደብሮች ሲዛወሩ፣ ገዢዎቹ በአብዛኛው በልጅነታቸው ማንበብ የጀመሩ ጎልማሶች ሆኑ፤ አሳታሚዎችም አንባቢያቸው ስላደገ ታሪኩ መክበድ አለበት ብለው አሰቡ። ታሪክን ማክበድ ግን በሐሳብና በሰው ባሕርይ ጥልቀት የሚሆን ሲሆን፣ የብዙዎቹ መንገድ የሬሳውን ቁጥር መጨመር ሆነ።

አንባቢው ሲጠየቅ፣ ደራሲው ሲመልስ

በ1988 የባትማን አሳታሚ ሮቢን የተባለው የባትማን ወጣት ረዳት ይሙት ወይስ ይዳን የሚለውን ለአንባቢው አቀረበ። ሁለት የስልክ ቁጥሮች ታትመው ለ36 ሰዓታት ያህል ክፍት ሆኑ፤ እያንዳንዱ ደዋይ 50 ሳንቲም እየከፈለ ከደወለ በኋላ 5,343 ድምፅ ለሞቱ፣ 5,271 ድምፅ ለመዳኑ ተሰጠና ልጁ በ72 ድምፅ ልዩነት በጆከር እጅ እንዲሞት ተደረገ። የልጅ ሞት ለጨረታ እንደቀረበ ዕቃ መታየቱ ብዙዎችን ቅር ቢያሰኝም፣ አሳታሚው ድርጊቱን ከመተው ይልቅ የሚያስገኘውን ወሬ አየ፤ በ1992 የሱፐርማን ሞት የተባለው ታሪክ በታላቅ ማስታወቂያ ወጥቶ በብዛት የተሸጠውና ጀግናው በቀጣዩ ዓመት ወደ ሕይወት የተመለሰው በዚሁ ስሌት ነው።

በዚያው በ1988 አለን ሙርና ብራያን ቦላንድ «ገዳዩ ቀልድ» የተባለውን ሥራ አወጡ። በታሪኩ ጆከር የፖሊስ አዛዡን ልጅ ባርባራ ጎርደንን በጥይት መትቶ ከወገቧ በታች ሽባ ያደርጋታል፤ ባርባራ ቀድሞ ባትገርል በሚል ስም ራሷ ጀግና የነበረች ብትሆንም፣ ታሪኩ ሥቃይዋን የአባቷንና የባትማንን ጽናት ለመፈተኛ ተጠቅሞበት ያልፋል። ጸሐፊዎቹ ባልና ሚስት ጆን ኦስትራንደርና ኪም ዬል በዚህ አያያዝ ስላልተደሰቱ፣ ከ1989 ጀምሮ ባርባራን ኦራክል በሚል አዲስ ስም መልሰው አመጧት። ኦራክል በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ሆና በኮምፒዩተርና በመረጃ ችሎታዋ ሌሎቹ ጀግኖች ሁሉ የሚደገፉባት አዋቂ ሆነች፤ በእነርሱ ታሪክ ጉዳቷ በተአምር አልተፋቀም፣ ቁስሏም አልተካደም። በጨለማ ታሪክ ላይ ከተሰጡት ምላሾች ሁሉ ይህ የበለጠ ትምህርት አለው፤ ደራሲዎቹ ሌላው ጸሐፊ የተወውን የማግስቱን ኑሮ በመጻፋቸው የተቃውሟቸው መልስ ራሱ የተሻለ ታሪክ ሆኗል።

በ1994 ግሪን ላንተርን የተባለው ጀግና ፍቅረኛው ተገድላ በማቀዝቀዣ ውስጥ ተከታ ያገኛታል። ከአምስት ዓመት በኋላ በ1999 ጌል ሲሞን የተባለች አንባቢ፣ በኋላም ስመ ጥር የኮሚክ ጸሐፊ የሆነች፣ የወንድ ጀግና ታሪክ እንዲንቀሳቀስ ሲባል የተገደሉ፣ የተደፈሩ ወይም ኃይላቸውን የተነጠቁ ሴት ገጸ ባሕርያትን ስም ዝርዝር አዘጋጀች። ዝርዝሩ ለአንባቢው ግልጽ መጠይቅ ሰጠው፦ የሚሞተው ሰው የራሱ ታሪክ አለው ወይስ ለሌላው ቁጣ ማገዶ ብቻ ነው? ይህ ጥያቄ ከአሜሪካ ኮሚክ አልፎ ለማንኛውም ፊልም፣ ተከታታይ ድራማና ልብ ወለድ ይሠራል።

የ1996ቱ «ኪንግደም ከም» የማርክ ዌይድና የአሌክስ ሮስ ሥራ ሲሆን፣ አዲስ ትውልድ ልዕለ ኃያላን ለሰው ሕይወት ሳይጨነቁ እርስ በርስ ሲዋጉ የአሜሪካ የእርሻ ምድር የሆነችው ካንሳስ ስትወድምና ብዙ ሕዝብ ሲያልቅ ያሳያል። ሱፐርማን ከዚያ በፊት የተሰናበተው ሕዝቡ ለገዳይ ጀግና ስላጨበጨበ ነበር፤ መልእክቱም ጭካኔን የሚያሞግስ አንባቢ ራሱ ተጠያቂ መሆኑ ነው። በ2001 ጆ ኬሊ በጻፈው ሌላ የሱፐርማን ታሪክ፣ ወንጀለኞችን በአደባባይ እየገደለ የሚደነቅ ቡድን ሱፐርማንን ያረጀ ሞኝ ይለዋል፤ ሱፐርማን እነርሱ በሚፈልጉት ጭካኔ የሚዋጋ መስሎ ተመልካቹን ካስደነገጠ በኋላ ማንንም አለመግደሉን ያሳያል። ተመልካቹ ያን ጊዜ የተሰማው ፍርሃት፣ ሕግ የማይገዛው ኃይል ለማንም እንደማይበጅ ያስረዳዋል።

ክርክሩ ወደ ፊልምም ገብቷል። በ2013 በወጣው የሱፐርማን ፊልም መጨረሻ ላይ ከተማ ሲፈርስና ጀግናው ባላንጣውን አንገቱን ሰብሮ ሲገድል ብዙ ተመልካቾች ተቃውመዋል፤ በ2025 ጄምስ ገን ያዘጋጀው ሱፐርማን ደግሞ ደግነትን የጀግናው ዋና ኃይል አድርጎ ቀርቧል።

ባላንጣው ሙሉ ፊት ሲያገኝ

የጨለማው ሌላ ገጽ የባላንጣው መግነን ነው። ጥሩ ባላንጣ ምክንያት ያለው ሰው ሲሆን ታሪኩ ይጠልቃል፤ ኤክስ ሜን የተባለው የጀግኖች ቡድን ባላንጣ የሆነው ማግኔቶ በ1980ዎቹ የአይሁድ እልቂት በተፈጸመባቸው ካምፖች ልጅነቱን እንዳሳለፈ ሲታወቅ፣ አንባቢው ድርጊቱን ሳይቀበል ቁጣውን መረዳት ችሏል። አንዳንድ ሥራዎች ግን መረዳትን ከማድነቅ ጋር ያቀላቅላሉና ባላንጣው የሚያደርሰው ጥቃት ያማረ ትርኢት፣ ተጎጂዎቹ ደግሞ ስም የለሽ ጥላ ይሆናሉ።

በዚህ ረገድ የኢትዮጵያ የሥዕልና የትረካ ባህል የራሱ ሚዛን አለው። በጥንታዊው የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ጻድቃን ፊት ለፊት ሁለት ዓይናቸው እየታየ ሲሣሉ፣ ክፉዎችና አጋንንት በጎን፣ በአንድ ዓይን የመሣላቸው ልማድ ተመልካቹ ከማን ጋር ፊት ለፊት መተያየት እንዳለበት ይነግረዋል። የንግሥተ ሳባን ታሪክ በብዙ ተከታታይ ክፍሎች እየከፈሉ በጨርቅ ላይ የሚሥሉ የአዲስ አበባ ሠዓሊዎችም ከኮሚክ ጋር የሚቀራረብ አተራረክ ከአሜሪካው ተጽዕኖ ውጭ ሲጠቀሙ ኖረዋል።

የአገሪቱ ትውፊት ጨለማን አልፈራም። በተአምረ ማርያም የሚነገረውና በብዙ አብያተ ክርስቲያናት ግድግዳ ላይ የሚታየው የበላዔ ሰብእ ታሪክ የቅምር አገር ሰው 78 ሰዎችን፣ የገዛ ቤተሰቡን ጭምር፣ እንደ በላ ይተርካል፤ ከዚህ የከበደ ባላንጣ በየትኛውም ኮሚክ ማግኘት ያስቸግራል። የታሪኩ ዓላማ ግን በመብላቱ አይፈጸምም፤ በመንገድ ላይ በእመቤታችን ስም ለለመነው አንድ በሽተኛ የሰጠው ጥርኝ ውኃ ነፍሱ በምትመዘንበት ሚዛን ላይ ሲቀመጥ ታሪኩ ወደ ምሕረት ይዞራል። ሠዓሊው የኃጢአቱን መጠን ሳይደብቅ ሚዛኑንም ስለሚሥል፣ ተመልካቹ ከሥዕሉ ፊት የሚሄደው ፍርድንና ተስፋን አብሮ አይቶ ነው። በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ለ42 ዓመታት ለልጆች ተረት የነገሩት አባባ ተስፋዬ ሣህሉም በጅብና በቀበሮ፣ በክፉና በደግ መካከል የሚደረገውን ትግል ሲያቀርቡ ልጁ ፈርቶ እንዲያድር የሚያደርግ ትረካ አልመረጡም፤ ተረቱ ምክር አዝሎ ይዘጋ ነበር።

ኒው ሀልፋና የማግስቱ ታሪክ

የአስዋን ከፍተኛ ግድብ ሲሠራ በሱዳን በኩል ያለው የኑብያ ምድር በሐይቅ ስለሚዋጥ፣ ወደ 50,000 የሚጠጉ የዋዲ ሀልፋና የአካባቢው ኑብያውያን ከ1964 መጀመሪያ አንሥቶ በባቡር ወደ ምሥራቅ ተጓጉዘው በአትባራ ወንዝ አጠገብ በተዘጋጀላቸው ኒው ሀልፋ ሰፈሩ። ለእርሻቸው ውኃ የሚሰጠው የኻሽም ኤል ጊርባ ግድብ የሚሞላው ከኢትዮጵያ ከፍታዎች በሚወርዱት በጓንግ፣ በአንገረብና በተከዜ ውኃ ነው። የመዛወሩን ሥራ በኃላፊነት የመራው ሐሰን ደፋላ በ1975 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ሕዝቡ ከመሄዱ በፊት የሙታኑን መቃብር እንደተሰናበተ፣ ቤቶቹ እንዴት እንደታደሉና አዲሱን አየር መልመድ ምን ያህል እንዳስቸገረ በዝርዝር መዝግቧል።

ይህ መጽሐፍ ከብዙ የልዕለ ኃያል ታሪኮች የጎደለውን ነገር ይዟል። በኮሚክ ገጽ ላይ ከተማ በሁለት ሥዕል ፈርሶ በሚቀጥለው ወር እትም እንዳልፈረሰ ሆኖ ይቀርባል፤ አሮጌው ዋዲ ሀልፋ ግን ከውኃው ሥር አልተመለሰም፣ ከእርሱ የወጣው ሰውም መሬት ማረስ፣ ልጅ ማስተማርና ጎረቤት ማፍራት ነበረበት። ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ኤርትራውያን፣ ቀጥሎም ኢትዮጵያውያን ስደተኞች በከሰላና በገዳሪፍ መጠለያዎች ኖረዋል፤ በ2020 መጨረሻ ከትግራይ ጦርነት የሸሹ በሐምዳይት በኩል ገብተው ኡም ራኩባን በመሳሰሉ ጣቢያዎች ተጠልለዋል። በሱዳን ጦርነቱ ከተነሣበት ከሚያዝያ 2023 በኋላ ደግሞ፣ በተለይ በጥቅምት 2024 ከምሥራቅ ጀዚራ የተፈናቀሉ እጅግ ብዙ ሰዎች ወደ ኒው ሀልፋ፣ ወደ ገዳሪፍና ወደ ከሰላ ፈልሰዋል።

በእንዲህ ያለ ስፍራ ለሚያድግ ልጅ ጨለማ የሞላበት ኮሚክ የሚያስተምረው አዲስ ነገር ጥቂት ነው፤ ጥፋት መኖሩን እርሱ ራሱ ያውቃልና። የሚያስፈልገው ፍርሃቱን የማይክድ፣ ግን ፍርሃቱ የመጨረሻው ገጽ እንዳልሆነ የሚያሳይ ታሪክ ነው። ሁሉንም ጣፋጭ አድርጎ የሚያቀርብ ታሪክም ልጁ ያየውን ነገር ውሸት ስለሚያደርግበት በተቃራኒው ወገን ተመሳሳይ ጉድለት አለበት፤ የ1954ቱ ደንብ ስሕተትም ይኸው ነበር።

የአካባቢው አገሮች ለልጆች የሥዕል ታሪክ እንግዳ አይደሉም። በሱዳን በ1946 የተመሠረተው «አል ሲቢያን» የተባለው የልጆች መጽሔት ዓማክ ታንጎ የሚባል አስቂኝ ገጸ ባሕርይ ነበረው፤ ይህን ገጸ ባሕርይ ከሣሉት መካከል በዘፋኝነቱ የሚታወቀው ሸርሐቢል አሕመድ ይገኝበታል። ኑብያውያን ወደ ኒው ሀልፋ በተዛወሩበት በ1964 ደግሞ ሱፐርማን በቤይሩት በዐረብኛ መታተም ሲጀምር፣ የዘወትር ስሙ ነቢል ፈውዚ ተባለ።

በአማርኛ የተጻፉ ጀግኖች

በ2018 ብሥራት ደበበ የመሠረተው ኢታን ኮሚክስ «ጀምበር»ን በአማርኛና በእንግሊዝኛ አሳተመ። የታሪኩ ጀግና አማኑኤል ጥላሁን በአዲስ አበባ የሚኖር፣ ትምህርቱን ጨርሶ የመጀመሪያ ሥራውን የሚፈልግ ወጣት ሲሆን ልዕለ ኃይል ያገኘው በዚያ መካከል ነው። ቀጥሎ የመጣው «ሃዊ» ከእናቷ ጋር ወደ ኢትዮጵያ የመጣች ትውልደ ኢትዮጵያዊት እምነት ለገሠ እናቷ ስትጠለፍባት የምታደርገውን ፍለጋ ይተርካል። ጠለፋ ጨለማ ጉዳይ ነው፤ ሥራ አጥነትም ለብዙ ቤተሰብ ቀላል አይደለም። ሁለቱም መነሻዎች አንባቢው ከሚያውቀው ኑሮ የተወሰዱ በመሆናቸው፣ ጀግና የሚያስፈልገው ሰፈር ራሱ የአንባቢው ሰፈር ይሆናል።

በአማርኛ የሚጽፍና የሚሥል ወጣት ከአሜሪካው ታሪክ የሚወስደው ትምህርት ግልጽ ነው፦ ከባድ ጉዳይ ማንሣት አይከለከልም፤ የተጎዳው ሰው ስምና ነገ እንዲኖረው ማድረግ ግን የደራሲው ግዴታ ነው። የስደት መንገድን፣ የድንበር ላይ ሽፍታን ወይም የጦርነትን ሰቆቃ የሚሥል ሰው፣ ሠፈሩ ከተበተነ በኋላ ዳቦ የጋገረችውን፣ ትምህርት ቤት የከፈተውን፣ የጠፋ ልጅ ያፈላለገውን ሰው ካልሣለ ከታሪኩ ግማሹን ትቷል።

የወላጅና የአንባቢ ድርሻ

የድሮው የጋራ ማኅተም ዛሬ የለም፤ ትልልቆቹ አሳታሚዎች ማርቭል በ2001፣ ዲሲ ደግሞ በ2011 ከኮሚክ ደንቡ ወጥተው የየራሳቸውን የዕድሜ ምልክት ይጠቀማሉ፤ በስልክ ከእጅ ወደ እጅ የሚተላለፍ ቅጂ ደግሞ ምልክቱ ተቆርጦ ሊደርስ ይችላል። ስለዚህ በሽፋኑ ላይ ባለ ቀለማም ልብስ ብቻ ተመርኩዞ መጽሔቱን ለልጅ ነው ማለት አያስተማምንም፤ ወላጅ ወይም መምህር ጥቂት ገጾች አስቀድሞ ማየት፣ ከተቻለም ከልጁ ጋር ማንበብ ይኖርበታል። ልጁን ስለ ታሪኩ ሲያነጋግሩ ሦስት ጥያቄዎች ይበቃሉ፦ የተጎዳው ሰው ማን ነው፣ ከዚያ በኋላ ምን ሆነ፣ ጀግናውስ ካሸነፈ በኋላ ምን አደረገ። ታሪኩ ለሦስቱም መልስ ካጣ ጨለማው ልክ አልፏል፤ መልስ ካለው ግን ቢከብድም ሊነበብ ይገባዋል።

መከልከል ብቻውን ምላሽ እንደማይሆን የኮሚክ ደንቡ 17 ዓመታት የቆየ ጥብቅነት አሳይቷል፤ ሁሉን መቀበልም የሮቢንን ሞት በስልክ ድምፅ ያስወሰነውን ገበያ ማበርታት ነው። የሚጠቅመው የኦስትራንደርና የዬል መንገድ ነውና፣ በኒው ሀልፋም ሆነ በገዳሪፍ፣ በጎንደርም ሆነ በአዲስ አበባ ያለ አንባቢ ያልወደደውን ታሪክ ከመንቀፍ አልፎ የተሻለውን ይጻፍ፣ ይሣል፣ ለልጁም ያንብብለት።